ከግቡ ጀርባ የተሰማው ሙሾ

የይርገዱን ሞት የሰማሁት በእድር ጥሩንባ አይደለም፤ በስልክ ነው። የመጨረሻውን ዓመት ይጁቤ እህቷ ዘንድ ስለነበረች ቀብሯም እዚያው ሆነ፤ ለእኛ ለማርቆሶቹ የነገረን አልነበረም። ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን የወንድሜ ልጅ ለምሳ መጥታ፣ «አክስቴ፣ እኚህ ሴትዮ ጎረቤትሽ አልነበሩም?» ብላ ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። ይርገዱ ቀይ ማልያ ለብሳ፣ አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች። ዙሪያዋን ሻማ አድርገውበታል። ከሥሩ «የወፍጮ ሰፈር ደጋፊዎች እናት፣ ሁሌም ከእኛ ጋር ነሽ» የሚል ተጽፏል። ብዙ ሰው የሚያለቅስ ፊት ልኮበታል፤ ቢጫ፣ ክብ፣ እንባው የተሳለ ፊት።

«ምነው አክስቴ፣ ዞረብሽ?» አለችኝ።

አልዞረብኝም። ቀፈፈኝ።

ፎቶውን የለጠፉት ሰዎች ያንን ማልያ ራሳቸው መልሰው የወሰዱባት ሰዎች ናቸው። ሁሌም ከእኛ ጋር ነሽ ያሏትን ሴት በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ይርገዱ ሜዳ አልረገጠችም፤ ለማንም ሟች ድምፅዋን አላሰማችም። ለምን እንደሆነ ከእነሱ የሚጽፍ ስለማይኖር እኔ ልጻፈው።

ይርገዱ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት ትጠራለች፣ ሙሾ ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ይህ ሥራ በአዘቦት ቀን ይናቃል፣ በቀብር ቀን ይለመናል። እሷ እንደ ሌሎቹ አልቃሾች ከበር ጀምራ አትጮህም። መጀመሪያ ከቤተ ዘመድ አንዷን ወደ ጓሮ ወስዳ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ ሟች በእጁ ምን ይሠራ ነበር? ማንስ ይጠብቀው ነበር? መልሱን ሰምታ፣ ጥቂት ብቻዋን ቆማ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትገባለች። «የማላውቀውን ሰው አላለቅስም፤ ውሸት ጉሮሮ ይዘጋል» ትል ነበር። ስትገባ ታዲያ ተቀምጦ የሚቀር ሰው አልነበረም። በአባቱ ሞት ዓይኑ ያልረጠበ የመሬት ነጋዴ፣ ይርገዱ የአባቱን የተሰነጠቀ ተረከዝ አንስታ ስታዜም ካባውን ጥሎ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ኳስን ያስለመዳት ባሏ ነው። ባሏ የሜዳ ዘበኛ ነበር። ከጨዋታ በፊት መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነው፤ ምሳ ልታደርስለት ትሄድና ባልዲውን ትይዝለታለች፣ ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል፣ ቆማ ትቀራለች። ባሏ ካረፈ በኋላም እሑድ ከሰዓት ቤቷ አትገኝም። እኔን ያስጀመረችኝ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት በታይፕ የሰው ጉዳይ ስጽፍ ኖሬ ቤት ተቀምጬ ብታየኝ፣ «ግድግዳ ከምታዪ ሰው ሲሮጥ አትመለከቺም?» አለችኝ። ሄድኩ። ወደድኩትም። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ይርገዱ ጨዋታ ተቀምጣ አታይም ነበር። ቀኝ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እንደ ለቀስተኛ ትቆማለች። የእኛ ልጆች ወደ ግብ ሲቀርቡ እጇ ከጉንጯ ወደ ደረቷ ይወርዳል። ሲስቱ መልሳ ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። ከኋላችን የሚቆሙ ጎረምሶች ሜዳው በሰው ተሸፍኖባቸው ሳለ ጨዋታውን በእጇ ይከታተሉ ነበር። አንድ አጥቂ ነበረን፣ ፈጣን፣ ግን ኳስ ለማንም የማያቀብል። ሁሉም ሲሰድበው እሷ እንዲህ ብላ አወጣችለት፦

ኳስ ይዞ ይሮጣል ያ ልጅ ብቻውን፣
ማን አብሮ ያለቅሳል ሲቀማ ኳሱን።

ሜዳው ሙሉ ተቀበላት። ልጁ አፍሮ ሳቀ፤ በሚቀጥለው ኳሱን አቀበለ።

ዓመቱን በሁለት ትከፍለው ነበር፤ ኳስ ያለበትና ጭቃ ያለበት። ክረምቱን ሙሉ ያለፈውን ዓመት ጨዋታ እንደ እህል ታበጥራለች፤ እገሌ በጥቅምት ያሳየውን በሚያዝያ አልደገመውም፣ እገሌ ሲመሩ ጀግና ሲመሩበት ድመት ነው፣ እያለች። ቡድኑን በነሐሴ የሚያማ ሰው ካገኘች፣ «አዝመራ ሳይገባ ጎተራ አይታማም» ብላ ታስቆመዋለች። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከተጫዋቾቹ የጾመውን ካልጾመው ትለያለች። «ያንን እዪው፣ ሮጦ አይደለም የሚደርሰው፣ በጸሎት ነው» ትለኛለች። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እስቃለሁ።

ስለ ዜማም የራሷ አስተያየት ነበራት። የለቅሶና የኳስ ጭብጨባ የአንድ እጅ ሥራ ነው፣ ልዩነቱ ዓይን የሚያየው ነው፣ ትል ነበር። ስለዚህ ያ የድምፅ ማጉያ ሲመጣ ከሁሉ በላይ የታመመችው እሷ ነች። ደምለው የሚባል ሞባይል ሻጭ የደጋፊዎቹ ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ፣ በባጃጅ ላይ እንደ ቁም ሳጥን የሚያህል ስፒከር ጭኖ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ሠርግ ቤት ሆነ። አንድ እሑድ የእኛው ተከላካይ እግሩ ተሰብሮ መሬት ላይ ሲጮህ ስፒከሩ የጭፈራ ዘፈን ይለቅ ነበር፤ ከፊት ያሉት ልጆች ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። «ይህ ዕቃ ያወራል እንጂ አያይም» አለች ይርገዱ። እኔ ግን በዕቃው አልፈረድኩም። የሚያዩት ናቸው ያስጠሉኝ።

ደምለው ብልጥ ነበር። እሷ ካኮረፈች ግማሹ ሜዳ እንደሚያኮርፍ ገብቶታል። ማልያ ይዞ ቤቷ መጣና ጉልበቷን ሳመ። «እማማ፣ ስፒከሩ ለመንገደኛ ነው፤ ለቡድኑ እርስዎ ነዎት» አላት። ማልያውን በቀሚሷ ላይ ደርባ ስትመጣ በጣም ደስ ብሏት ነበር። መከበር ትወድ ነበር፤ ልደብቀው አልፈልግም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ቡድናችን ከውድድሩ እንዳይወርድ የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ ነበረበት። የሚገጥመን የጎረቤት ወረዳ ቡድን ነው፤ በረኛው ይበልጣል የሚባል የይጁቤ አካባቢ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግብ አልገባ ያለበት እሱ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከይርገዱ ቤት በረንዳ ላይ ምስር ስንለቅም ደምለው ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ።

«እማማ፣ ነገ አንዲት ሙሾ ያስፈልገናል» አለ።

«ማን ሞቶ?»

«በረኛው» አለና ሳቀ። ቃሬዛ አሠርተዋል፣ የልጁን ቁጥር የጻፉበት ማልያ ያለብሱታል፣ ተሸክመው ከግቡ ጀርባ ይቆማሉ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ልጁ ይደነግጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ይርገዱ ሰፌዱን ከጉልበቷ አወረደች። «በቁሙ ያለ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ደግሞ ያ ልጅ ኀዘንተኛ ነው። እናቱ እናኑ ከሞተች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ያለቀስኳት እኔ ነኝ።»

ደምለው ይህን አያውቅም ነበር። ሲሰማ ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር አልረሳውም። ደስታ ነበር፤ ሥጋ የሸተተው ውሻ ደስታ።

«እንግዲያው ቃሬዛው ይቅር» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ። «ማላገጥ የለም። እናቱን ብቻ ያንሱለት። ለማጽናናት እኮ ነው እማማ። ኀዘንተኛን ማጽናናት ምን ክፉ አለው?»

ሰፌዱን መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሄዱ። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ኀዘንተኛ አግኝቶ ዝም ማለት ነውር ነው፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ብዬለት አቆማለሁ፣ አለችኝ። ከግብ ጀርባ ነው ወይ ለቅሶ የሚደረሰው አልኳት። ኀዘን ቦታ አይመርጥም አለች። ይህ መልስ የእሷ አይመስልም ነበር፤ የደምለው ይመስል ነበር። ሆኖም አላጠበቅኩባትም። እኔም ቡድኑ እንዲተርፍ እፈልግ ነበር።

ጨዋታው እስከ ሁለተኛው አጋማሽ ባዶ ለባዶ ነበር። ይበልጣል ጸጉሩን ለኀዘን ተላጭቷል፤ ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሯል። የተመታበትን ሁሉ ይይዛል። ደምለው ስፒከሩን አስጠፋ። ሜዳው ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ይርገዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከመረቡ ኋላ ቆማ፣ ቀብሩ ላይ ያወጣችውን ያንኑ ዜማ ጀመረች፦

ደጅ ቆማ ነበረ እናኑ ስትጠብቅ፣
ደክሞህ ስትመለስ ማነው የሚጠይቅ።

ይበልጣል መጀመሪያ የግቡን ቋሚ በእጁ ያዘ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስትደግመው፣ የእናቱን ሙሾ የሰማ የአገራችን ልጅ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ወደ አልቃሿ ዞረ፤ አንገቱን ደፍቶ በቋሚው አጠገብ አልፎ ወደ እሷ መጣ። ግቡ ባዶውን ቀረ። ከመሐል ሜዳ ከእኛ ልጆች አንዱ ኳሷን ገፋት። ተመትታ እንኳ አልገባችም፤ ተንከባላ ገባች። ዳኛው ነፋ። ግብ ነው።

ሜዳው ተገለበጠ። እልል ካሉት አንዷ እኔ ነበርኩ። አፌ ከልቤ ቀደመኝ ብል ማስተባበያ አይሆነኝም።

ይርገዱ ስንኟን አቋርጣ ቆመች። ይበልጣል ግን ግብ መግባቱን ገና አልሰማም። እጁ አናቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ እሷ ነው፤ ቀጣዩን ስንኝ ይጠብቅ ነበር።

አንድ ለባዶ አሸነፍን። ደምለውና ጓደኞቹ ይርገዱን በትከሻቸው ተሸክመው ሜዳውን አዞሯት። አውርዱኝ ስትል በጩኸቱ የሰማት የለም፤ የሰሙትም ከደስታ ነው ብለው ሳቁ።

በሳምንቱ ወሬው ከእህቷ ዘንድ መጣ። የይበልጣል የቡድን ጓደኞች መኪና ውስጥ ሳይገቡ እዚያው ደብድበውታል። ጨዋታውን ሸጦታል ብለው አባረውታል። ለቅሶ ሰምቼ ነው ሲል፣ ለስንት ነው የሰማኸው ብለውታል። አሁን ይጁቤ ገበያ ሲያልፍ ከኋላው «ሻጩ!» ይሉታል። ሌላ ቡድን ሊወስደው ቃል ገብቶለት የነበረ ሲሆን እሱም ቀርቷል።

ይርገዱ በዚያው ቀን ቤቴ መጣች። «ወረቀት አውጪ፣ እኔ የምልሽን ጻፊ» አለችኝ። እንዲህ አለች፦ ልጁ ጨዋታ አልሸጠም። ከግቡ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር አልልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከተቀመጠበት በድምፄ ሳስነሳ የኖርኩ ነኝ። ያሸነፍነው በእሱ እናት ነው፤ ድሉ ይነሣልን።

ጥቂት ላለሳልሰው ሞከርኩ። «በቅን ልቦና ተነሣሥቼ» የሚል ልጨምርልሽ አልኳት።

«በቅን ልቦና ቢሆን ከጨዋታው በኋላ አለቅስለት ነበር» አለች። እንደነገረችኝ ጻፍኩት፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አሳረፈች።

ውድድሩን የሚመራው ቢሮ አብረን ሄድን። ወጣት ኃላፊ ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበበውና ፈገግ አለ። ፈገግታውን ለመደበቅ እንኳ አልደከመም። ጓደኛውን ከሌላ ክፍል ጠርቶ አስነበበው። ከዚያ፣ «እማማ፣ ጠርሙስ ቢወረወር ቡድኑን እንቀጣ ነበር። ደንቡ ላይ ለቅሶ የሚል የለም» አለ። ስለ ድሉ ካልሆነ ስለ ልጁ አንድ ደብዳቤ ይጻፍለት ብላ ለመነችው። ባልተጠየቀ ጉዳይ ደብዳቤ አይጻፍም አላት። እንደሚጻፍ ግን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በሺህ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ስንወጣ ሁለቱ ሲስቁ ይሰማ ነበር።

በነጋታው እኔ ይርገዱ ቤት ሳለሁ ደምለው መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ «ቡድኑን ልታስወርጂ ነው? ማን ገዛሽ?» አላት። ጉልበቷን የሳመው አፍ ነው። ይርገዱ ቀና ብላ አየችውና፣ «ያ ልጅም እንዲሁ ነው የተባለው» አለችው። ማልያውን እንድትመልስ ጠየቃት፤ ከሃዲ የቡድኑን ቀለም አይለብስም አለ። አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ በላስቲክ አስቀምጣው ነበር፤ አውጥታ ሰጠችው። ደምለው ተቀብሎ የጎደለ ነገር ያለ ይመስል ገልጦ አየው። ይህን ጊዜ ትቻቸው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ይጁቤ አብሬያት ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን። ይበልጣል ከአባቱ ማሳ ላይ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ይርገዱ ከማሳው ጫፍ ስትደርስ በአጠገቡ ካለው ወንዝ ዳር ድንጋይ አነሣች። ትንሽ ድንጋይ አልመረጠችም። ማጅራቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ደግፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በታረሰው ላይ እየተደናቀፈች ወደ እሱ ሄደች። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ የተበደለው ድንጋዩን ያነሣለታል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል። ወጉ ይኸው ነው።

ይበልጣል በሬዎቹን አቆመ። ጅራፉን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ።

«ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለችው መሬት መሬት እያየች። «ቢሮ ሄጄ ተናግሬ ነበር። አልሰሙኝም።»

«ሰምቻለሁ» አለ።

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሁለታችንንም ሳያይ፣ «እናቴን ያለቀሱላት ቀን፣ እንዲህ ከተለቀሰላት ይበቃታል ብዬ ነበር እማማ። አሁን እናቴን ሳስብ የሚሰማኝ የሕዝቡ እልልታ ነው» አለ።

እልልታ ሲል እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ጅራፉን ጥሎ ቀረበ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቷ አነሣና ከማሳው ዳር ወስዶ አስቀመጠው። ቀና እንድትል ክንዷን ይዞ ረዳት። ከዚያ ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ሌላ ቃል አልተናገረም። መንገዱን እስክንይዝ ድረስ የሞፈሩን ድምፅ እንሰማ ነበር።

በመልሳችን ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው አወቃት። «እማማ ይርገዱ! ያቺን ግብ እኮ ያገቡት እርስዎ ነዎት፤ ወርቅ ጫማ ይገባዎታል» አለ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ነገሩን ሳታውቀው አብራ ሳቀች። ዝም በሉ አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። አሮጊቶች ተቆጡ ብለው ደግመው ሳቁ፤ ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ይርገዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳትስብ በመስኮት ታያለች። ማጅራቷ ላይ አፈር ነበር። ላራግፍላት እጄን ሰድጄ መለስኩት።

«ይቅር አላለኝም» አለች። «ድንጋዩን ነው ያነሣው።»

ልጅ ነው፣ ቀን ሲያልፍ ይለዋል፣ አልኳት።

«አሮጊት ድንጋይ ተሸክማ ከፊቱ ስትቆም አይቶ ዝም ቢል ነውር ስለሆነበት ነው ያነሣልኝ። ያንን ያስተማረችው እናኑ ናት» አለች። ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። «ይቅርታውን እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።»